የሙሉብርሃን ሜዳልያ

ሙሉብርሃን ስለ ጦርነት ማውራት ከጀመረ ሰው ሥራ ያስፈታል። በሶማሌው ጦርነት ጊዜ ቦምብ መጣያ ከተደረገ የጭነት አውሮፕላን በር ላይ ቦምብ ይገፋ ነበር። አሁን፣ ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ከመንደርደሪያው ከብት ያባርራል። ታሪኩን ያልሰማ የባሮ ዓሣ ብቻ ነው፤ እሱም ያጠራጥራል።

ጣጣው ፍቅር ሲይዘው መጣ። ኢታንግ ጤና ጣቢያ የምትሠራውን ኛሬአትን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። አባቷ ዊዩዋል አስጠርተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፤ "ጀግና ከሆንክ ሜዳልያህ የት አለ?"

መጀመሪያ "ሌባ ወሰደው" አለ። ሌላ ቀን ረስቶ "ባሮ ውስጥ ገባብኝ" አለ።

"ለውሸታም ልጅ አልሰጥም። ምስክር አምጣ" አሉ ዊዩዋል።

ምስክርስ ነበረው። የያኔው አብራሪ ሻምበል ተክሌ አሁን የእርዳታ እህል እያመላለሱ ጋምቤላ ያርፋሉ። ከአውሮፕላናቸው ሥር ጠብቆ ያዛቸው።

"ሻምበል፣ በእግዚአብሔር! ሁሉን ይንገሩልኝ፤ ያቺን ነገር ብቻ ይዝለሉልኝ።"

ሻምበሉ ዊዩዋል ግቢ፣ ማንጎው ሥር ተቀምጠው መሰከሩ። "ፀረ አውሮፕላኑ ከሥር ለቀቀብን፤ አንድ ሞተር ነደደ። የመጨረሻው ቦምብ የኋላው በር ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። ይሄ ልጅ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ጥይት እየዘነበ፣ በጀርባው ተኝቶ በሁለት እግሩ ገፍትሮ ጣለው። እኔ ዛሬ ያለሁት በእሱ ነው።"

"ጥሩ። ሜዳልያውስ?"

"እኔ ተሸልሜያለሁ። እሱ ግን... የቢሮ ስህተት ነበረ መሰለኝ።" የሻምበሉ ፊት በርበሬ መሰለ።

ዊዩዋል ብድግ አሉ። "ሁለታችሁም ውሸታም ናችሁ።"

ሙሉብርሃን ኛሬአት ከእጁ ስታመልጥ ታየችው። በዚያ በተከፈተ በር ላይ እንኳ እንዲህ አልፈራም።

"አባባ፣ ይቀመጡ! እናገራለሁ። የቦምቡ ጅራት ሱሪዬን ጠልፎ ይዞ ወረደ።"

"ጠላት ላይ?"

"ጠላት ላይ። ከሥር ደግሞ ምንም አልለበስኩም፤ ሙቀት ነበረ። ስናርፍ ጄኔራሉ ሜዳልያ ይዘው፣ ሴቶች አበባ ይዘው ቆመዋል። ሌሎቹ ወረዱ፤ እኔ ጆንያ ኋላ ተደበቅሁ። ስሜ ሲጠራ 'የለም' ተባለ።"

ይሄን ሁሉ ዓመት ያንገበገበው ሱሪው አልነበረም፤ ስሙ ተጠርቶ አቤት አለማለቱ ነበር።

ዊዩዋል ግን ግራ ገባቸው። "ከሴቶቹ ውስጥ አማትህ ነበረች?"

"ኧረ የለችም! ያኔ ምን አማት አለኝና?"

"ታዲያ ለምን አልወረድክም? እኛ ኑዌሮች ራቁት መታየት የምናፍረው አማት ፊት ነው። ጄኔራል አማት ነው?"

ሻምበሉ ሳቃቸው አመለጣቸው። ዊዩዋል አልሳቁም፤ ፈረዱ።

"ውሸታም አይደለህም። ሞኝ ነህ። ለሞኝ ልጅ ይሰጣል።"

ሙሉብርሃን እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ከሸምበቆው አጥር ጀርባ የሴት ሳቅ ፈነዳ።

"ማን ናት?"

"የኛሬአት እናት። ሁሉንም ሰምታለች።"

ሙሉብርሃን ሱሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ባሮ ፈረጠጠ።

"አሁን ገና ገባህ!" ብለው ጮኹ ዊዩዋል ከኋላው። "ሩጥ! አሁን አማት አለህ!"