የአናጢው አግዳሚዎች

ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖረው አናጢ የደረጃው መታጠፊያ ላይ አግዳሚ ወንበር ያስቀመጠ ጊዜ ያላመሰገነው ሰው የለም። ለደካሞች አስቦ ነው ተባለ። እኔም ዕቃዬን አሳርፌበት መርቄዋለሁ። ደግሞም ያምራል፤ እግሩ ጥርብ፣ መደገፊያው ልስልስ ያለ፣ አንድ ሚስማር ብቅ ያላለበት።

ቆይቼ ስታዘብ ግን ከእሱ በቀር የሚቀመጥበት የለም። ከሥራ ሲመለስ እዚያ ሲደርስ ቁጭ ይልና ደረቱን በመዳፉ ይጫናል። ሰው ሲያይ መደገፊያውን የሚፈትሽ ይመስል እጁን ወደ እንጨቱ ያወርዳል። ትንሽ ሲያርፍ ይሻለውና ተነሥቶ ይወጣል።

ሚስቱን ብጠይቃት ገና ስሙን ስጠራባት ተንገፈገፈች። ደረጃ ሲወጣ፣ ሳንቃ ሲያነሣ ደረቱን ጭምቅ ያደርገዋል አለችኝ፤ አንዳንዴ ወደ መንጋጋውና ወደ ግራ ክንዱ ይሄድበታል። ሐኪም ቤት ሂድ ስትለው ጨጓራ ነው ይላል። ጠረጴዛው እያጎበጠኝ ነው ብሎ የሥራ ጠረጴዛውን እግር አስረዘመ፤ አልተሻለውም። መጋዙ ዶልዱሞ ነው ብሎ ሞረደው፤ አልተሻለውም። ከራሱ በቀር ያልጠገነው ዕቃ አልቀረም።

"ቀጥሎ ሕንጻውን ዝቅ ያደርገዋል" አለችኝ።

እኔም በበኩሌ ሞከርኩ። ስትደክም የሚመጣ የደረት ሕመም ቀልድ አይደለምና ተመርመር አልኩት።

"ሲያርፉ የሚተው ነገር ምኑ ሕመም ነው፣ እህቴ? ድካም ነው እንጂ" ብሎ ሳቀብኝ። የያዝኩትን ቁም ሳጥን ላስረክብና እሄዳለሁ አለ። የሰው ቁም ሳጥን አልቆ ያውቃል?

ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛ አግዳሚ መጣ፤ ይሄኛው ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ባለው መታጠፊያ ላይ። ጎረቤቱ ሁሉ እንደገና አመሰገነ። እኔን ግን አንጨረጨረኝ። ሰውየው መውጣት የሚችለው ደረጃ እያነሰ በሄደ ቁጥር ወንበሩም ተከትሎት ይወርዳል።

አንድ ጠዋት ልብስ ላሰጣ ስወጣ እታችኛው ወንበር ላይ አገኘሁት። ወደ ሱቁ እየወረደ ነበር እንጂ እየወጣ አልነበረም፤ የተሸከመውም ነገር የለም። ላብ አጥምቆታል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ትንሽ ልቀመጥ፣ ይተወኛል አለ። ከተቀመጠ ቆይቷል፤ አልተወውም።

ሚስቱን ጠርቼ ለአምቡላንስ ደወልኩ። ይሄ ጉደኛ ግን በእግሬ ካልወረድኩ ብሎ ሊነሣ ሞከረ። ሱቁ ውስጥ ቫርኒሽ የቀባው ዕቃ አለ፣ አቧራ ይጣበቅበታል።

"ንቅንቅ ብትል ወንበሮችህን ፈልጬ ነው የማነዳቸው" አልኩት።

ተቀመጠ። ለነፍሱ ያልፈራ ሰው ለእንጨቱ ፈራ።

የልቡ ደም ስር ጠቦ ኖሮ ሆስፒታል ወስደው የጠበበውን ከፈቱለት። ሐኪሟ ሳትሰለች ነገረችው፤ ሲለፋ መጥቶ ሲያርፍ የሚሄደው ያኔውኑ መታየት ነበረበት፣ ተቀምጦም አልተው ሲል ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፣ ወዲያው መደወል ነው። እሱ እሺ እሺ እያለ የአልጋውን እግር ያያል።

በማግስቱ ከሚስቱ ጋር ሱቁን ልናይ ሄድን። ቫርኒሹ ገና የሚያጣብቅ ሦስተኛ አግዳሚ ቆሟል። ሐኪም ቤት ልንጠይቀው ስንገባ ሚስቱ ለየትኛው ፎቅ እንደነበረ ጠየቀችው። ኮርኒሱን እያየ ለሕንጻው በር ነው አለ።

ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ድምጿ ግን አልላላም። "እዚህ ሐኪም ቤት በር ላይ እናደርገዋለን። ለክትትል ስትመጣ ትቀመጥበታለህ።"

ይከራከራል ብዬ ስጠብቅ፣ "አንድ እግሩ ይወዛወዛል" አለ፣ "ሳላስተካክለው እንዳትወስዱት።"