ምስማር የገባበት ጥድ

«ከግማሽ ዋጋ በላይ አልከፍልም» አለ ማርጉስ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እንጨት ነጋዴ ነው፤ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ነው። የሟቹ የካልዮ ሬሳ ሣጥን ቀዝቃዛው ጎተራ ውስጥ ተቀምጧል። ቀብሩ ነገ ነው።

የሟች ልጅ ራይቮ ለለቀስተኛ የሚያዞረውን ዳቦ እንደያዘ ቆመ። «ትናንት ተስማምተን አልነበር እንዴ?»

«ዛሬ ጠዋት የአባትህን ደን ዞሬ አየሁት። ግንዱ ሁሉ ማለት ይቻላል በሰው ደረት ልክ ምስማር አለበት። መጋዝ ብረት ካገኘ አለቀለት። ከምስማሩ በላይ ያለውን ብቻ እወስዳለሁ። ከቀብር በኋላ ንገረኝ።»

እህቱ ኡርቬ ከጓዳ ሰምታ ወጣች። ደኑ ቢሸጥላት ደስታዋ ነበር። እንደ እሷ የጠላው ሰው የለም።

እነሱ ባሉበት በቮሩ አገር ሬሳ ወደ መቃብር ሲሄድ መንገድ ዳር ካለው ደን ይቆማል፤ ዘመድ የሆነ ወንድ አንድ ዛፍ ላይ ለሟች መስቀል ይፈለፍላል። ነፍሱ እዚያ ታርፋለች እንጂ ቤቷ አትመለስም። ካልዮ ያንን ደን የገዛው፣ ሰው ሁሉ መሬቱን እየሸጠ ከተማ ሲገባ፣ ለእንጨቱ ብሎ ነበር። «ጥድ ተኝተህም ያድግልሃል» እያለ በየሳምንቱ ግንዶቹን አቅፎ ይለካቸዋል።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሚስቱ አይኖ ሞተች። ለቀስተኛው ደኑ ጋ ሲቆም ራይቮ መጥረቢያ አነሳ። ካልዮ እጁን ያዘው። «አንደኛ ደረጃ ግንድ ነው። አታበላሽብኝ» አለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ያች ደግ ሴት ያለ መስቀል ተቀበረች። ኡርቬ ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ ታርቱ ከተማ ሄደች፤ አባቷን ዳግም በሕይወት አላየችውም።

«የትኛው ቀናተኛ ነው ይሄን ምስማር የመታብን?» አለ ራይቮ።

«ሰው አትማ» አሉ ጎረቤታቸው እማማ ሄልጂ ከአግዳሚው ላይ። «አባትህ ነው። እናትህ ከሞተች ወዲህ በየዓመቱ፣ በረዶ ሳይጥል፣ መዶሻ ይዞ ይገባ ነበር። እኔ የወፍ ቤት የሚሰቅል መስሎኝ።»

«አባዬ? የገዛ ግንዱን?» ራይቮ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው አፉን ያዘ። «ብስክሌት አስደገፍክበት ብሎ በጥፊ ያጮለኝ ሰውዬ?»

ኡርቬ በቤት ጫማዋ ወደ ደኑ ወጣች። ራይቮ ተከተላት።

ያኔ ለእናታቸው መጥረቢያ የተነሳበትን ጥድ ሁለቱም አልረሱትም። ሌሎቹ ላይ አንድ አንድ ምስማር ነው ያለው። እሱ ላይ ግን አራት አለ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ። ቅርፊቱ ሊውጣቸው ትንሽ ቀርቶታል። ኡርቬ በጣቷ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደች።

«መስቀል ነው» አለች። «ምን ነበረበት ቢነግረኝ?»

«ሰው ፊት እምቢ ካለ በኋላ? እሱ ይቅርታ የት ያውቃል።»

«የቀሩትንስ ለምን?»

«እኛ እንዳንሸጠው ነዋ» አለ ራይቮ። «ያውቀናል።»

ኡርቬ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። የአባቷን ሞት በስልክ ስትሰማ አላለቀሰችም ነበር። ከጎን ያለው ጥድ ላይ ግን ምንም አልነበረም፤ ለራሱ መስቀል ያስቀረው እንደሆነ ራይቮ ነገራት። ማታ የአባቷን የሥራ ካፖርት ከጎተራው በር ኋላ ስታነሳ ኪሱ ከበዳት። አራት አዲስ ምስማር ነበረበት።

በማግስቱ ለቀስተኛው ደኑ ጋ ቆመ። ማርጉስ ወደ ራይቮ ጠጋ ብሎ «እና? መኪና ልላክ?» አለው።

ራይቮ መጥረቢያውን እንደያዘ ያንን ንጹሕ ጥድ ወደ ላይ አየው። ቀጥ ያለ፣ ቋጠሮ የሌለበት፣ ከሁሉም የበለጠ ግንድ ነው። ኡርቬ ከአራቱ አንዱን ምስማር አውጥታ፣ ቅርፊቱ ላይ አቁማ፣ በሁለት ጣቷ ያዘችው።

ራይቮ መጥረቢያውን ወደ ደንደሱ አዞረ።

«ጣትሽን» አለ።

«ምታ» አለችው። አላነሳችም።