ያልሰጡን አሮጌ ካምቢዮ

እህቴ መኪናዋን ቀምታኝ ነበር። መኪናዋ ተበላሽታ ጋራዥ በገባች ማግስት ጠዋት፣ ልብሴን ስለብስ ትርፍ ቁልፉን ከሱሪዬ ኪስ መንትፋ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው። እዛ ገብቶ የሚያወጣ ወንድም ደሞ የለም።

«ከዛሬ ጀምሮ እግረኛ ነህ» አለችኝ። «ካምቢዮ ሰባሪ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ የወንበሯ ላስቲክ እንኳን ሳይገፈፍ፣ አዲስ ሆና ከመኪና ሻጭ ድርጅት የተገዛች ናት። ባለቤቷ እህቴ ነች፤ ሰው የምጭንባት እኔ። እህቴ ፀጉር ቤት አላት፣ እሱን ትታ መሪ አትይዝም። ታዲያ የመኪናዋ ዋስትና ባለቀ በሳምንቱ መሀል አስፋልት ላይ ቀጥ አለች። ማርሽ ባስገባ፣ ብለምናት፣ ብሰድባት፣ ወይ ፍንክች! ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ያምባርቅብኛል። አስገፍቼ አስጎትቼ የሸጠልን ድርጅት ጋራዥ አስገባኋት፤ እህቴም ሰምታ መጣች።

እዛ አንድ ኃላፊ አለ። በር ሲገባ ክራቫቱ ቀድሞት ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ስሙ ለኔ ክራቫቱ ነው። መኪናዋን ዞር ብሎ እንኳን አላያትም።

«ዋስትናው አልቋል» አለ። «ደሞም ይሄ የአነዳድ ችግር ነው። ማን ነው የሚነዳት?»

እህቴ ጣቷን ቀሰረችብኝ። አቀሳሰሯን ያየ ሰው ነፍስ አጥፍቼ የተያዝኩ ነው የሚመስለው።

«አሃ» አለ ክራቫቱ፣ ከጫማዬ ጀምሮ እስከ ፀጉሬ እየለካኝ። «ገባኝ።»

ምኑ ነው የገባው? ጫማዬ መሰለኝ።

እህቴ ለካምቢዮው፣ ማለት ለተሰበረው የማርሽ ሳጥን፣ መቀየሪያ ስትል ካስኮቿን ሸጠች። ካስክ ማለት ሴቶቹ ተጠቅልለው ከስሩ የሚቀመጡበት የፀጉር ማድረቂያ ነው። አሁን ደንበኞቿ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥተው ፀሀይ ይጠብቃሉ። ደመና የሆነ ቀን እኔን ነው የሚረግሙት። «ይሄ ነው ካስኩን የበላው?» ይላሉ ሳልፍ። እኔ ደሞ «ጥርሴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎኝ ነው» እላቸዋለሁ። እህቴ ማበጠሪያ ትወረውርብኛለች። እንደዛ እንደዛ እያልን ከረምን፤ መኪናዋ ብትሰራም ግን መሪ አትነካም ብላኛለች። ያለ መሪ ደሞ እኔ ምንድነኝ? ፊደል እንደሆነ ገና በጠዋቱ ነው የተጣላነው።

መኪናዋ ደርሳለች ተብለን ልናወጣት ሄድን። እህቴ መስኮቱ ጋ ክፍያ ልትጨርስ ተሰለፈች፣ እኔ በጓሮ በኩል ወደ መካኒኩ። ለምን መሰላችሁ? የትም ጋራዥ ብትሄዱ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ በፌስታል አርገው ይሰጧችኋል። ቀየርኩት ብሎ እንዳልዋሸ ማሳያው እሱ ነው። አምፖል እንኳን ብታስቀይሩ የተቃጠለችውን ይዛችሁ ነው የምትወጡት። የኔ ሀሳብ ግን ሌላ ነበር። ካምቢዮ ከባድ ብረት ነው፤ ብረት ለሚገዛው ሰውዬ ሽጬ ቢያንስ የሲጋራዬን ላወጣ ነበር።

መካኒኩ አንገት የሚባል ነገር ያልተፈጠረለት፣ ሰው ሲያይ ደሙ የሚፈላ አይነት ነው።

«አሮጌው የታለ?» አልኩት።

«የምን አሮጌ?»

«ካምቢዮዋ ነዋ። ልሸከመው።»

«አይሰጥም።»

«ለምን? አራስ ነው?»

«ሂድ ወዲያ! ስራ አለኝ።»

እንዲህ ሲሉኝ ነው የሚብስብኝ። ጥግ ላይ የእንጨት ሳጥኖች ተደርድረዋል፣ በየሳጥኑ አንዳንድ ካምቢዮ፣ ሁሉም የኛን የሚመስል። አንዱ ላይ ወጥቼ ቁጭ አልኩና መፍቻ አንስቼ ማንኳኳት ጀመርኩ። «ይሄ ነው የኛ? አይ፣ ድምፁ አይደለም። ያኛው ነው? አቤት በለኝ እንጂ!»

ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ውረድ ከሱ ላይ! እቃው ተቆጥሮ ነው የሚላከው! አንድ ቢጎድል ፋብሪካው መች ይከፍለናል?»

«ፋብሪካው ነው የሚከፍለው?»

«አሮጌውን ሳናይ ይከፍሉናል ብለህ ነው? የናንተም እዛው ውስጥ ነው፣ ውረድ ብዬሃለሁ!»

ተናግሮት ሲያበቃ ነው ምን እንዳለ የገባው። እኔን ትቶ በር በሩን ማየት ጀመረ።

እኔ ትምህርት ላይ የለሁበትም። ግን አንድ ዕቃ ለሁለት ሰው ሲሸጥ አውቃለሁ፣ ራሴም ሞክሬው ነበር። ፋብሪካው የተበላሸ ብረት ይሰበስባል፣ ለያንዳንዱም ይከፍላል፤ ካምቢዮው ከጥንቱም ችግር እንዳለበት ካላወቀ ለምን ብሎ? እነዚህ ደሞ ከፋብሪካውም ተቀበሉ፣ ከእህቴም ተቀበሉ።

«እና ይሄ ሁሉ የአነዳድ ችግር ነው?» አልኩት ሳጥኖቹን እያሳየሁ። «የከተማውን መኪና በሙሉ የምነዳው እኔ ነኝ?»

መልስ አልጠበቅኩም፤ ሮጥኩ።

እህቴ እንዳየችኝ «ደሞ ምን ሰበርክ?» አለች። ጆሮዋ ስር በቀስታ ልነግራት ነበር ሀሳቤ፣ ግን ድምፄ ቀስታ አያውቅም። ወረፋ የያዘው ሰው በሙሉ ሰማ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ ሰልፉን ጥሳ መጣች።

«ካምቢዮ ነው ያልከው? የኔንም አነዳድ ነው ብለውኛል! ባሌን ሳምንት ሙሉ ሶፋ ላይ አስተኝቼዋለሁ እኮ!»

ባልየው አጠገቧ ነበር። ወገቡን ያዝ አደረገ።

ክራቫቱ እየተጣደፈ መጣና እኔንና እህቴን ቢሮው አስገብቶ በሩን ዘጋ። መጀመሪያ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም አለ። ቀጥሎ «ፋብሪካው የሚከፍለው ዋስትና ላላቸው ነው» አለ።

«ታዲያ የኛን ምን ልትሰራበት ሳጥን ውስጥ ከተትከው?» አልኩት።

«አንተን አላናገርኩም!»

«እኔን አናግረኝ» አለች እህቴ። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር። እሷ ስትጮህ አልፈራም፣ እንደዛ ስትሆን ነው የምፈራት።

ክራቫቱ ላብ ላብ እያለው አንድ ወረቀት አወጣ። ድርጅቱ በደግነቱ ገንዘቧን በሙሉ ይመልስላታል፤ እሷ ብቻ ትፈርም። እህቴ ወረቀቱን አነበበችው፤ ለኔም እንዲገባኝ መሰለኝ አንድ ቦታ ላይ ጮክ አለች። «ብልሽቱ የደረሰው በአሽከርካሪው አያያዝ መሆኑን አምኜ…»

«አሽከርካሪው ማለት ይሄ ነው?» ጣቷ እንደገና እኔ ላይ።

«ያው አሰራር ነው። ለመዝገብ ያህል።»

ሙሉውን ገንዘብ ካገኘች ካስኮቿን ትገዛለች። ከፈረመች ደሞ እድሜ ልኬን ካምቢዮ ሰባሪ ነኝ፣ መሪ የሚሰጠኝም የለም። ቀልድ ፈልጌ አጣሁ።

«እቴቴ፣ እኔ አልሰበርኩትም።»

«አፍህን ዝጋ!» አለችኝ። ከዛ ወደ ክራቫቱ ዞረች። «ይቺን መስመር አውጣት።»

«እሷ ከወጣች ሙሉውን አልችልም። ግማሹን ብቻ ነው የምችለው።»

«ሌባ!»

«እመቤቴ፣ ክብር ይኑረን።»

«ክብር? አንተ ደሞ ክብርን የት ነው የምታውቃት? ክራቫትህ ነው ያስተዋወቀህ?»

ይሄን እኔ ብለው ኖሮ ብዬ ቀናሁ። እህቴ ግን መስመሯን በጣቷ እየተከተለች ደግማ አነበበቻት። ከውጪ ሴትዮዋ በሩን ትደበድባለች።

«አምጣ ግማሹን» አለች። «መስመሯን ሰርዝ። አሁን፣ እያየሁህ።»

ሰረዘ። ፈረመች። እስኪርቢቶውን እንደ ድንጋይ ወረወረችለትና በሩን ስትከፍተው ሴትዮዋ ከነባሏ ገብታ ክራቫቱ ላይ ተከመረችበት። ስወጣ «ሙሉውን ጠይቂው፣ አለው!» አልኳት።

መኪናዋ ጋ ስንደርስ እህቴ እንደ ተሳፋሪ ከኋላ ገብታ ቁጭ አለች። እኔ ውጪ ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ትገተራለህ? ንዳ!» ቁልፉን ከደረቷ አውጥታ ወረወረችልኝ።

ገባሁ። መሪውን ያዝኩት።

«እንዳትኮራ» አለችኝ ከኋላ። «ያጣሁትን ግማሽ አንተ ነህ የምትከፍለኝ። ካስክ እስክገዛ ድረስ ከገቢው ሳንቲም አትነካም።»

«እና ምን ልበላ?»

«ምላስህን። እሱ አያልቅም።»

ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባ «ቀስ!» ብላ ማጅራቴን በቡጢ አለችኝ። ሦስተኛ ላይም መታችኝ። አራተኛ አለ፣ አምስተኛ አለ፣ ቤታችን ደሞ ሩቅ ነው።