ተፈላጊው ባለጉዳይ

ሚልኪያስ በዚያ ጠዋት ሚስቱን ለሦስተኛ ጊዜ ፈታ።

“አልጋውን እንኳ ሳይቀር ጭናው ሄደች፣ ጓለይ፤” አለና መዳፉን ደረቱ ላይ አሳረፈ። “ሠላሳ ዓመት የተኛሁበትን አልጋ!”

ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ሳሊና በስልጠናው እንደተማረችው ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። “በጣም ያሳዝናል፣ አባ። ታዲያ ያን ጊዜ ምን ተሰማዎት?”

“ወለሉ ቀዘቀዘኝ።”

ሳሊና ደብተሯ ላይ ተደፍታ ሳቀች። “ኣታ፣ ተው እንጂ! ከሰዓት ፈታኞቹ ፊት እንዲህ ካሳቅከኝ አለቀልኝ።”

“እኔ ምን ላድርግ? የጠየቅሽኝን መለስኩ።”

“ወለሉን ተወው። ልቤ ተሰበረ በል፤ እንደ ሰው።”

ሚልኪያስ ሚስት የለውም፤ ኖራውም አታውቅም። ከሆሳዕና መጥቶ መቀሌ ሕግ የሚማር፣ ዘንድሮ የሚመረቅ ወጣት ነው። ትዳሩን ያመጣበት “የተግባቦት ክህሎትና የሥራ አማራጮች ለሕግ ተማሪዎች” የተባለው የአንድ ሳምንት ስልጠና ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት አሰልጣኝ አቶ ሀይሉ፣ ኮሌታቸው ላይ የተሰካው ማይክራፎን ከሥጋቸው የበቀለ የሚመስል ሰው፣ በመጀመሪያው ቀን ተማሪውን ጥንድ ጥንድ አድርገው “አንዱ ጠበቃ፣ አንዱ ደንበኛ ይሁን” አሉ። ለሚልኪያስ ደንበኛነቱ ደረሰው። የተሰጠችው ብጣሽ ወረቀት “አቶ ፍሰሃጽዮን፤ የቀዳማይ ወያነ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ፤ ዕድሜ 58፤ ባለቤታቸው ጥለዋቸው ሄደዋል” ከማለት ሌላ ምንም አልነበረባትም። አልጋውን የጨመረው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ወረፋ ተያዘለት። ጎበዝ ደንበኛ በቀላሉ አይገኝም። ሌሎቹ ተማሪዎች ደንበኛ ሁኑ ሲባሉ “አንቀጽ ተሳስተሃል” እያሉ ጠበቃቸውን ያርማሉ። ሚልኪያስ ግን ይናደዳል፣ እንባ ያቀርራል፣ ነገር ይሸሽጋል፣ በደንብ የጠየቀው ሲገኝ ያወጣል። ለሴት ጠበቃ “ልጄ” ሲል “ጓለይ” ማለትን፣ “ወዮልኝ” ለማለት “ዋይ ኣነ” ብሎ ጭንቅላት መያዝን ከክፍል ልጆች ተማረ። ሻይ ማዘዝና ባጃጅ ማስቆም ድሮም በትግርኛ ይችል ነበር፤ አሁን በዚያ ላይ የተከዳ ሽማግሌ ሮሮ ተጨመረለት። በሁለቱ መካከል ያለው ትግርኛ፣ ሰው ከሰው ጋር የሚጫወትበት፣ ግን አልመጣለትም።

ግቢው ውስጥ ስሙም ተለወጠ። “ባለጉዳይ፣ ከምሳ በኋላ ትመቻለህ?” ይሉታል ከግቢው ዳገት ላይ ሆነው እየተጣሩ። አንድ ቀን ሳሊና ስልኳ ጠፍቶባት “እስቲ ደውልልኝ” ስትለው ደወለ፤ ከቦርሳዋ ሥር እየበራ የወጣው ስልክ ላይ “ፍሰሃጽዮን ባለጉዳይ” የሚል ተጽፎ ነበር። ጥሪውን ዘጋው። ቁጥሩ መመዝገቡም አንድ ነገር ነው።

ለማንም ያልተናገረው ግን ይህ ነው፤ ሥራውን ወዶታል። በአቶ ሀይሉ መመሪያ መሠረት ጠበቃ የሆነ ሰው ስልኩን አጥፍቶ የደንበኛውን ዓይን ዓይን ያያል። አያቋርጥም። ደንበኛው ዝም ሲል “ከዚያስ?” ይላል። ሚልኪያስ “ከዚያስ?” ለመባል ሲል አስር ሚስት ይፈታል።

ዶርሙ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ቢኖር ይቀለው ነበር። ማታ አብሮት የሚያድረው መሓሪ በትግርኛ ቀልድ ያመጣል፣ ክፍሉ በሳቅ ይናጋል፣ ከዚያ መሓሪ ወደ እሱ ዞሮ “ይቅርታ ሚልኪ፣ ምን መሰለህ፣ አንድ ሰውዬ ነው...” ብሎ በአማርኛ ይጀምርለታል። ቀልዱ መንገድ ላይ ይሞታል። ከሞተ በኋላም ሁሉም ሚልኪያስ እስኪስቅ ድረስ በትሕትና ይጠብቃሉ። ይስቃል። ሰው ለእሱ ብሎ ይህን ያህል ሲደክም ማየት ስለከበደው፣ አሁን አሁን ቀልድ ሊጀመር ሲል ብርድ ልብሱን ስቦ የተኛ ይመስላል።

“አንተስ ግን?” አለች ሳሊና ደብተሯን እየሰበሰበች። “ከሰዓት ጠበቃ ሆነህም ትፈተናለህ፤ ተለማምደሃል?”

“ከማን ጋር? የግቢው ደንበኛ እኔ ነኝ።”

“እኔ እሆንልሃለሁ አላልኩህም? የቤት ኪራዩን ጉዳይ አጥንቼዋለሁ። አከራዬ ያለ ማስጠንቀቂያ አስወጣኝ፣ ምናምን። አንተ ብቻ መዝጊያዋን እንዳትረሳ። ሕራይ?”

“ሕራይ።”

መዝጊያዋ የአቶ ሀይሉ ኩራት ናት። “ጉዳይዎን በሚገባ ተረድቻለሁ፤ ስለ እምነትዎ አመሰግናለሁ” ትላለች። ጠበቃው ሰዓቱ ሳያልቅ ይህችን ካላለ፣ ሌላው ላይ ምንም ቢራቀቅ ወደቀ ማለት ነው። መውደቅ ደግሞ ዛሬ ቀልድ አይደለም። ወይዘሮ አፀደ የተባሉ የአዲስ አበባ ጠበቃ ፈተናውን ቁጭ ብለው አይተው፣ ለቢሯቸው ሁለት ጀማሪዎች ይመርጣሉ። ሚልኪያስ ካልተመረጠ ምን እንደሚጠብቀው በምሳ ሰዓት አጎቱ ልደቱ ደውሎ አስታወሰው። ልደቱ ሆሳዕና ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው።

“ሁለተኛ ወንበር ገዝቻለሁ፤” አለው በደስታ። “ፕላስቲክ ነው፣ ግን ጠንካራ ነው። ጃንጥላውም ለሁለት ይበቃል፤ ዝናብ በጎን ካልመጣ።”

“እግዜር ይስጥልኝ፣ አጎቴ። ዛሬ ፈተና አለብኝ።”

“በርታ። ወንበሩ ግን የትም አይሄድም።”

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሳሊና ጥቁር ኮት ለብሳ በጠበቃው ወንበር፣ አቶ ፍሰሃጽዮን በደንበኛው ወንበር ተቀመጡ። አዛውንቱ የጨርቅ ንግዳቸውን ተረኩ፣ አልጋቸውን አነሡ፣ “ዋይ ኣነ” ብለው ራሳቸውን ያዙ። ሳሊና ራሷን ነቀነቀች፣ ጻፈች፣ አላቋረጠችም። ጥቂት ደቂቃ ሲቀራት ወደ መጨረሻው ጥያቄ መጣች።

“ሌላ የሚያስጨንቅዎት ነገር አለ፣ አባ?”

በልምምዱ የዚህ መልስ “አልጋዬን አስመልሺልኝ” ነበር። ሚልኪያስ ያንን ሊል አፉን ከፈተ። ሳሊና ዓይን ዓይኑን እያየችው ነው። ስልጠናው ዛሬ ያልቃል፤ ነገ እንዲህ የሚያየው የለም።

“ማታ ማታ ይስቃሉ፤” አለ። “እኔም እዚያው ክፍል ውስጥ ነኝ። በእኔ አይደለም የሚስቁት፤ ክፉዎች አይደሉም። ሊያስረዱኝም ይሞክራሉ። እስኪያስረዱኝ ሳቁ ያልፋል። እንዳላስቸግራቸው የተኛሁ እመስላለሁ። ለእናቴ ስደውል ‘ጓደኞቼ ሰላም ይሉሻል’ እላታለሁ። ጠዋት አንቺ ምን ተሰማዎት ስትዪኝ... ከዚህ ሳምንት በፊት ምን እንደተሰማኝ የጠየቀ የለም፤ እዚህ የተጠየቅሁትም የእኔን አልነበረም።”

“ጓለይ” ማለቱን ረስቷል። የሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነጋዴ ለእናታቸው መደወላቸው ግን ማንንም አላስገረመም።

የሳሊና እስክሪብቶ ቆመ። ቀና ብላ አየችው፤ የምታየው አቶ ፍሰሃጽዮንን እንዳልሆነ ገብቷታል። አንድ ነገር ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ሰዓት ሄደ።

“ጉዳይዎን በሚገባ ተረድቻለሁ፣ አቶ ፍሰሃጽዮን፤ ስለ እምነትዎ አመሰግናለሁ።”

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ወይዘሮ አፀደ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በሶፍት ጠረጉ። “ልጅቷን ወስጃታለሁ፤” አሉ። “ይሄ ልጅ ግን ቲያትር ነበር መማር የነበረበት።”

“የሥራ አማራጭ ቁጥር አንድ!” አሉ አቶ ሀይሉ በማይክራፎናቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ይህኛው ሳቅ በአማርኛ ነበር፤ ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም። ሚልኪያስ ተነሥቶ እጅ ነሣ።

ወደ ኋላ ወንበር ሲመለስ መሓሪ ትከሻውን ይዞ ወዘወዘው። “ኣታ ሚልኪ፣ አስለቀስከኝ እኮ! እነዚያ የሚስቁት ሰዎች ግን ምን ዓይነት ናቸው? ሽማግሌ ሰው ጥግ ላይ ጥሎ መሳቅ! ነውር አይደል?”

“ክፉዎች አይደሉም አልኩ እኮ።”

“እሱን ነው የምልህ! ለምን ትከላከልላቸዋለህ? በል፣ ማታ ለዶርሙ ልጆች ትደግምልናለህ።”

ሚልኪያስ ጠበቃ የሚሆንበት ተራ ሲደርስ አዳራሹ ሳስቶ ነበር። የጨረሰ ሁሉ፣ መሓሪም ጭምር፣ ወደ ላውንጅ ወርዷል። የወይዘሮ አፀደ ሻንጣ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ የማታው አውሮፕላን አይጠብቃቸውም። ሁለተኛው ቦታ ገና ባለቤት አላገኘም። ሚልኪያስ በጠበቃው ወንበር ተቀመጠ። የደንበኛው ወንበር ባዶ ነው።

“ደንበኛህስ?” አሉ አቶ ሀይሉ።

“ሳሊና ናት። ትመጣለች።”

“እሷማ ለእናቷ ልትደውል ወጣች፤ ተመርጣ የለም እንዴ!” ሰዓታቸውን አዩ። “ችግር የለም፣ ወንበሩን አናግረው። ዋናው ምናብ ነው። ቀጥል።”

ሚልኪያስ ወንበሩን አየው። “እንደምን ዋሉ፤ ሚልኪያስ እባላለሁ፤ ጠበቃዎ ነኝ።” ከሰኞ ጀምሮ ስሙን ለማንም እንዳልተናገረ ትዝ ያለው ያን ጊዜ ነው።

“ጥሩ፣ ጥሩ። ዓይን ዓይኑን እያየህ፤” አሉ አቶ ሀይሉ።

ወንበሩን ምን እንደሚያስጨንቀው ሊጠይቅ ሲል በሩ ተከፈተና ሳሊና ኮቷን በክንዷ ይዛ፣ እያለከለከች ገባች። ስልኩ አሁንም በእጇ ነው። “ይቅርታ፣ ይቅርታ፤” ብላ ተቀመጠች።

ከዚያ ነገሩ ያለ እንቅፋት ሄደ። አከራይዋ ያለ ማስጠንቀቂያ አስወጥቷታል። ውል አለዎት? አለኝ። ምስክር? ጎረቤት። ሚልኪያስ አላቋረጠም፣ አልቸኮለም፤ ከወንበሩ በወዲያኛው በኩል ሳምንቱን ሙሉ ስለተቀመጠ ሰው መቼ ዝም ማለት እንደሚፈልግ ያውቃል። ወይዘሮ አፀደ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡና ደጋግመው መጻፍ ጀመሩ። አቶ ሀይሉ አውራ ጣታቸውን አነሡለት።

“ሌላ የሚያስጨንቅዎት ነገር አለ?”

የሳሊና ወረቀት “የለም” ይላል። ሳሊና ግን ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋችው። ስልኳን ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው።

“እናቴ እልል አለች፤” አለች በመጨረሻ። “ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። እኔ ደግሞ ስልኩን ይዤ ደረጃው ላይ ቆሜ ሌላ ነገር አስባለሁ። አዲስ አበባ ማንም የለኝም። አፌን ስከፍት ከየት እንደመጣሁ ያውቁታል። ሲቀልዱ ቶሎ አይገባኝም፤ እነሱ ስቀው ሲጨርሱ እኔ እጀምራለሁ።” ቀና ብላ አየችው። “ቅድም ያልከው... ሚልኪያስ፣ እንዴት ነው የሚቻለው?”

አቶ ሀይሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰዓታቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉለት፤ መዝጊያዋን በል ማለታቸው ነው። ወይዘሮ አፀደ እስክሪብቶአቸውን አንሥተው ይጠብቃሉ። ዓረፍተ ነገሯ አፉ ውስጥ ተዘጋጅታ ተቀምጣለች፤ አንድ ትንፋሽ አትሞላም። ቢላት አዲስ አበባ ነው። ባይላት ጃንጥላና ፕላስቲክ ወንበር። ያቺ ዓረፍተ ነገር ከጠረጴዛው ማዶ ላለ ሰው ስትደርስ ምን እንደምትመስል ደግሞ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

“ገና አልገባኝም፤” አላት። “ቀጥይ።”

የአቶ ሀይሉ ስልክ ጮኸ፤ ሰዓቱ አለቀ። ሚልኪያስ ወንበሩን ትንሽ ወደ ፊት ሳበ።