የውሃ ቆዳ

ሦስተኛዋም የወረቀት አግራፍ ሰመጠች።

ብርጭቆው ግርጌ ላይ ከሁለቱ እህቶቿ አጠገብ ጋደም ስትል፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ "ውይይይ!" አሉ። መምህሯ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከኋላ፣ ለልጅ በተሠራች ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው የተቀመጡት ርዕሰ መምህር ግን ፈገግ አላሉም።

"ቀስ ብላችሁ ነው እንጂ እንደ ድንጋይ ወርውራችሁማ አይሆንም፤" አለች። "ውሃ ቆዳ አለው ብያችኋለሁ አይደል? ቀጭን ቆዳ። ቆዳውን ሳንቀድደው አግራፏን ጋደም እናደርጋታለን፤ እሷም ላዩ ላይ ትተኛለች።"

"ቲቸር፣ ይኼኛው ውሃ ቆዳ ያለው አይመስለኝም፤" አለ ከፊት የተቀመጠው ልጅ። ክፍሉ ሁሉ "ጠበቃው" ይለዋል። የተከሰሰ ሰው ካለ፣ ማንም ሳይጠራው ተነሥቶ ይከራከርለታል። "ገፈውት ይሆናላ!"

ልጆቹ ሳቁ። ርዕሰ መምህሩ የሆነ ነገር ጻፉ።

መምህሯ የእስክሪብቶው ድምፅ ጀርባዋ ላይ የተጻፈ ያህል ተሰማት። ዛሬ የሙከራ ጊዜዋ ማብቂያ ነው። ባለፈው ወር አንዲት እናት እርጥብ ዩኒፎርም አንጠልጥላ ቢሮ ድረስ መጥታ፣ "ልጄን የላክሁት ለትምህርት ነው ወይስ ለልብስ እጥበት?" ካለች ወዲህ፣ ርዕሰ መምህሩ ነገሩን ከሆዳቸው አላወጡትም። "አንድ ክፍለ ጊዜ ገብቼ አያለሁ፤" ብለዋት ነበር። "ትምህርት ከሆነ እፈርማለሁ። ጨዋታ ከሆነ ግን፣ ልጄ፣ ለጨዋታ ደመወዝ የሚከፍል ትምህርት ቤት ፈልጊ።" ቤት ደግሞ እናቷ አለች። ዕድሜ ልኳን በሆቴል ጓዳ ሳህን ስታጥብ ኖራ፣ እጇ በሳሙና ተሰነጣጥቆ አልድን ሲል ከሥራ ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የቆመው በዚህች መምህር ደመወዝ ነው።

ምኑ ላይ እንደተሳሳተች አልገባትም። ቅዳሜ ዕለት ቤት ውስጥ፣ ውሃ በምትጠጣበት ጣሳ፣ ደጋግማ ሞክራዋለች። አግራፏ ውሃው ላይ እንደ ታንኳ ተንሳፍፋ፣ እፍ ሲሏት እንኳ ዞር ዞር ብላ ትመለስ ነበር። ዛሬ ግን ገና ከጅምሩ ነገሩ ጠምሟል። ከብርጭቆው በስትሮ ተወስዶ ሳንቲም ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ጉብ ብሎ መቆለል ነበረበት። ጥቂት ጠብ እንዳለ ተዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ቀጥሎ አግራፍ፣ ቀጥሎ አግራፍ፣ ቀጥሎ አግራፍ።

አንድ ተስፋ ቀርቷታል።

"ሚጢጢ፣ አንቺ ነይ እስቲ።"

ሚጢጢ ከክፍሉ ሁሉ ታናሽ ናት። ስትጽፍ ከመስመር አትወጣም፣ ስትቆርጥ ከሥዕሉ አትወጣም፤ የክፍሉ እርጋታ ሁሉ እጇ ላይ የተጠራቀመ ይመስላል። አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ከእሱ ወርሳው ይሆናል። ወደ ጠረጴዛው መጥታ በእግር ጣቶቿ ቆመች፣ አግራፏን በሁለት ጣቶቿ አግድም ያዘች፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አወጣች። ክፍሉ ትንፋሹን ዋጠ። ርዕሰ መምህሩም አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

አግራፏ ውሃውን ነካች፣ ጥልቅ ብላ ሰመጠች።

"እጅሽ ተንቀጠቀጠ!" አለች መምህሯ። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። "እጅሽ ስለሚንቀጠቀጥ እኮ ነው። በቃ፣ ሂጂ ተቀመጪ።"

ሚጢጢ ቀኝ እጇን ወደ ፊቷ አምጥታ አየችው። ገልብጣም አየችው፤ የሰው ዕቃ በስህተት ይዛ የመጣች ይመስል። ከዚያ ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ ግራዋንም አስከተለች።

"ቲቸር፣ አልተንቀጠቀጠም፤" አለ ጠበቃው ብድግ ብሎ። "እኔ እዚህ ሆኜ አይቻለሁ። ምስክር ነኝ።"

"አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ!"

"እሺ። ግን ምስክር ነኝ።"

የቀረው የቁንዶ በርበሬው ሙከራ ነበር። የተፈጨው ቁንዶ በርበሬ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ፣ ሳሙና የነካ ጣት ሲጠጋው እንደ ፈሪ በግ ወደ ጠርዝ መሸሽ ነበረበት። ልጆቹ "ሳሙና የውሃን ቆዳ ይቀድዳል" የሚለውን በዓይናቸው የሚያዩት በዚህ ነው። ነሰነሰችው። ግማሹ ወዲያው ቁልቁል ወረደ። ጣቷን ሳሙና አስነክታ አጠጋች፤ የተረፈው ባለበት ተገትሮ አያት። አንድ ልጅ አስነጠሰው። በዚያ ክፍለ ጊዜ ቁንዶ በርበሬ የሠራው ሥራ ያ ብቻ ነበር።

ደወል ተደወለ።

ልጆቹ ተንጋግተው ሲወጡ ሚጢጢ በመጨረሻ ወጣች። በሩን በክርኗ ነው የገፋችው።

ርዕሰ መምህሩ ከትንሿ ወንበር ላይ በመከራ ተላቀው ወደ ጠረጴዛው መጡ። ብርጭቆውን ጎንበስ ብለው አዩት።

"እስቲ አንቺ አድርጊው።"

አንዲት ደረቅ አግራፍ አነሣች። እጇን በሌላ እጇ ደግፋ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ አስተኛቻት። ሰመጠች።

"እጅሽ ተንቀጠቀጠ እንዴ?" አሉ። ያሹፉ ይጠይቁ ከድምፃቸው አይታወቅም።

ፊቷ ጋለ። "አልተንቀጠቀጠም።"

"ታዲያ?"

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

"አላውቅም።" ቃሉን እንደ መራራ ነገር አኘኩት። "ስሚኝ ልጄ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ልጆቹ ይወዱሻል፤ አይቻለሁ። ነገ ይኼንኑ ከመጽሐፉ አስተምሪ። ሥዕሉ አለ፣ ማብራሪያው አለ፤ ይገለብጣሉ፣ ማንም አይረጥብም። እኔም ገብቼ ሳልቀመጥ እፈርምልሻለሁ። የለም፣ እደግመዋለሁ ካልሽም መብትሽ ነው፤ መጥቼ እቺ ወንበር ላይ እቆራመዳለሁ። ግን እንደ ዛሬው ከሆነ ሦስተኛ ዕድል የለም።"

"ላስብበት?"

"እስከ ነገ ጠዋት ደወል አስቢበት። እኔ አንቺን ብሆን ግን ብዙም አላስብ።"

በር ላይ ጣታቸውን ወደ ብርጭቆዎቹ ቀሰሩ። "ሲያምሩ ግን! እንዲህ የሚያበራ ብርጭቆ እኔ ቤትም የለም።"

ብርጭቆዎቹን በጋዜጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። የግቢው በር ላይ የሚጢጢ አባት ቆሟል። የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ማበጠሪያ አለ፤ የልጁን ምሳ ዕቃ በእጁ አንጠልጥሏል።

"ቲቸር፣ ባላስቸግርዎት፤" አለ። "ይቺ ልጅ እጄን ከኪሴ አላወጣም ብላኛለች። ምሳ ዕቃዋን እንኳ ይኸው እኔ ነኝ የያዝኩላት። ምነው ስላት 'ይንቀጠቀጣል' ትለኛለች። ማን ነው ያለሽ ብላት ትንፍሽ አትልም። የእኔ ልጅ እኮ ናት! እኔ በዚህ እጅ የስንቱን ጉሮሮ በምላጭ ስላጭ እውላለሁ። የሚንቀጠቀጥ ዘር ቢሆንማ ኖሮ ይኼኔ የሰፈሩ ወንድ ግማሹ የለም።"

በራሱ ቀልድ ሳቀ። ዓይኑ ግን አልሳቀም፤ መልስ ይጠብቃል።

አጠገቡ የቆመችው ሚጢጢ ቀና ብላ መምህሯን አየቻትና መልሳ አቀረቀረች። ማን እንዳላት ለአባቷ አልተናገረችም። ደብቃላታለች።

"እሷ ምንም አላጠፋችም፤" አለች መምህሯ። "እጇም ምንም አልሆነ።"

"ታዲያ ማን አላት?"

'እኔ' የምትለዋ ቃል እስከ ጥርሷ መጣችና እዚያው ቀረች። "ነገ፤" አለች። "ነገ ሲያደርሷት እነግርዎታለሁ።"

መንገዱን ሁሉ ብርጭቆዎቹ ቦርሳዋ ውስጥ እየተንኳኩ ሸኟት።

እናቷ በሩን የከፈተችው ገና ሳይንኳኳ ነው። "እህስ? ብርጭቆዎቼን ምን አሏቸው?"

"አመሰገኑሽ። ርዕሰ መምህሩ እኔ ቤትም እንዲህ ያለ የለም አሉ።"

"ድሮስ!" እናቷ አንዱን ከጋዜጣው ፈትታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋችው። በሆቴሉ ጓዳ የለመደችው ነው፤ ብርጭቆን በብርሃን ሳታይ አታምንም። "እዪ፣ አሁንም ይስቃል። ልጄ ሰው ፊት በጭጋጋም ብርጭቆ አትቀርብም ብዬ ነው የተነሣሁት። አንቺስ? ፈረሙልሽ?"

"አልፈረሙም።"

እናቷ ብርጭቆውን አስቀመጠች። መምህሯ ጀሪካኑን አዘንብላ ያንኑ ብርጭቆ ሞላችና ወደ አፏ አስጠጋች። አልጠጣችውም። ከጠርዙ ዙሪያ ደቃቅ አረፋ እንደ ዶቃ ተሰድሯል። የሎሚ ሽታ አለው። የሳህን ማጠቢያው ሎሚ።

"እማዬ፣ እነዚህን እንዴት ነው ያጠብሻቸው?"

"ብርጭቆ እንዴት ይታጠባል? በሳሙና ነዋ። ሳሙናውን ደግሞ አልሰሰትኩም።"

"ማለቅለቁስ?"

"ውሃ ጠፍቶ ነበር እኮ። ጀሪካኑ ውስጥ የቀረችውን ለፊት መታጠቢያሽ ልተውልሽ ብዬ፣ በአንድ ጆግ ውሃ ሁሉንም ነካ ነካ አደረግሁና በጨርቅ ወለወልኳቸው። ምነው? ቆሽሸው ነበር?"

መምህሯ ጣሳውን አመጣች፣ ውሃ ሞላች፣ ከኪሷ አግራፍ አውጥታ አስተኛቻት። አግራፏ ተንሳፈፈች። ከሥሯ ውሃው እንደ ፍራሽ ጎድጎድ ብሎላታል። ሌላዋን ብርጭቆው ላይ አስተኛች። ቁልቁል።

"ደሞ ጥንቆላ ጀመርሽ?" አለች እናቷ።

"ሳሙና የውሃን ቆዳ ይቀድዳል፤" አለች መምህሯ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ይኼን ላስተምር ነበር እኮ የሄድኩት። ይኼንኑ!" ሳቅ መጣባት፤ ግን ሳቁ መንገድ ስቶ ዓይኗን ሞላው።

እናቷ ብርጭቆውን አየች፣ ጣሳውን አየች። ነገሩ ቀስ ብሎ ፊቷ ላይ ወጣ። "እኔ ነኝ ያዋረድኩሽ በይኛ።"

"አንቺ አይደለሽም። እኔ ሳላጣራ ልጅ ላይ አላከክሁ። ይቺን የምታህል ልጅ።" እጇን ከጠረጴዛው ከፍ አድርጋ ቁመቷን አሳየች። "እጅሽ ስለሚንቀጠቀጥ ነው አልኳት፤ በሁሉም ፊት። አሁን እጇን ከኪሷ አላወጣም ብላለች።"

እናቷ የተሰነጣጠቁትን ጣቶቿን ሳታውቀው ጋቢዋ ሥር ሸሸገች።

"ሆቴል ቤት ሳለሁ፤" አለች፣ "አንድ ቀን ብርጭቆ ተሰበረ። የሰበረው አስተናጋጁ ነው። ዋናው ወጥ ቤት ግን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ 'ያቺ እጇ የሻከረው ናታ' አለ። በነጋታው እውነቱን ሰማ። 'አንቺ አይደለሽም' ለማለት ግን አፉ ከበደው። ሰው ፊት እጄን መደበቅ የጀመርኩት ከዚያ ወዲያ ነው። እሱ ይኼኔ ረስቶታል።"

መምህሯ ቀና ብላ የእናቷን ጋቢ አየች። ይኼን ነገር ሰምታ አታውቅም። እናቷ ብርድ ስለማትችል ነበር የሚመስላት።

"ነይ ተነሺ፤" አለች እናቷ በድንገት። "ውሃ መጥቷል። ሁሉንም አሁን አጥርቼ ላለቅልቅልሽ።"

"እጅሽን ተይው፤ እኔ አለቀልቃለሁ። አንቺ እያየሽ ፍረጂ።"

ቧንቧው ሥር ቆመው ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አለቀለቁ። እናቷ እያሸተተች "ገና ነው"፣ "ድገሚው"፣ "አዎ፣ እቺ አለፈች" ትላለች። ፈታኝ ሆና ከተሾመች ወዲህ ድምፅዋ ሁሉ ተለውጧል። ሲጨርሱ መምህሯ ከሁሉ የጠራችውን መርጣ ለብቻ አስቀመጠቻት።

"ለማን ነው?"

"ለሚጢጢ።"

ቦርሳዋን ከፈተች። በእጇ ይዛው የመጣችው የሳይንስ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ርዕሰ መምህሩ ያሉት ገጽ ላይ ምልክት አድርጋበት ነበር። ብርጭቆዎቹንና መጽሐፉን አብሮ የሚይዝ ቦርሳ አይደለም። አንድ ጊዜ ከነመጽሐፉ ለማጨቅ ሞከረች። ከዚያ መጽሐፉን አውጥታ መደርደሪያው ላይ አኖረችው።

"አንዷ ቀረችሽ እኮ፤" አለች እናቷ ጠረጴዛውን እያሳየች። አረፋ የከበባት ብርጭቆ እዚያው እንዳለች ነበረች። "አምጫት፣ ሳሙናዋ ገና ነው።"

"እሷ ትቅር።"

"እንዴት ትቅር? ነገ እኚያ ሰውዬ ፊት? ሳሙና ያለባት ብርጭቆ ለማን ልትሰጪ ነው?"

መምህሯ ውሃውን ደፋች። ብርጭቆዋን ሳታለቀልቅ በጋዜጣ ጠቅልላ ከሁሉም በላይ አስቀመጠቻት።

"ይቺ የእኔ ናት፤" አለች። "ነገ መጀመሪያ የማሰምጠው እኔ ነኝ።"