የካሴቷ ሁለተኛ ፊት

መኔር ሃርም ካሴቷን ሲጠይቁኝ ክው አልኩ። ሌላ ቃል የለውም፤ ክው።

ጊዜው በፈረንጆች 2004 ነው፣ ሮተርዳም ዙይድ። የቱስዞርግ ሠራተኛ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ከቤት ቤት እየዞርኩ አቅመ ደካሞችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን አቀርባለሁ። መኔር (አቶ ማለት ነው) ሃርም ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሚስታቸው ሪት ከሞተች ወዲህ የሚኖሩት ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ነው። ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ፣ ፕሮግራሙን ከቴፕ ካሴት የሚያነብ የድሮ ዕቃ። ከሃያ ዓመት በፊት በእሱ ጨዋታ ይሠሩ ነበር። ግን ምን ጨዋታ አለው? ጠላት የለው፣ ጥይት የለው፣ ነጥብ የለው። «ሰዎች የት ጋ ነው የምንተኩሰው ይሉኝ ነበር» ይሉና ይስቃሉ። እኔም በሆዴ፣ እውነታቸውን ነው እል ነበር።

ከስምንት ወር በፊት ቁም ሣጥናቸውን ሳጸዳ አንድ ፌስታል ሙሉ ካሴት ሰጡኝ። «ባዶ ናቸው፤ ለእናትሽ ድምፅ ላኪባቸው» አሉኝ። እናቴ ሐይቅ አጠገብ ገጠር ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ስልክ የለ፣ ፊደል አልቆጠረች። በኛ አገር ለእንዲህ ያለ ሰው ደብዳቤ የሚላከው በካሴት ነው። ድምፅህን ቀድተህ በመንገደኛ ትሰዳለህ፤ ሰሚው ያንተን ደምስሶ በዚያው ላይ መልሱን ይቀዳል። ካሴት ለማስታወሻ ተብሎ አይቀመጥም።

አንዷን አንስቼ ብሰማት የመጀመሪያው ፊት ጆሮ ይበሳል፤ ጭው፣ ጭርር። ቴፕ የበላው መሰለኝና እናቴ እንዳትቀዳበት ቀይ ፕላስተር ለጠፍኩበት። ሁለተኛው ፊት ላይ የመርከብ ጡሩምባ፣ የሳህን ኳኳታና የአንዲት ሴት ፉጨት አለ። የማንም ቤት ጫጫታ ነው ብዬ ናቅኩት። የካሴቷ ጀርባ ላይ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ብትሰበር ኖሮ ቴፑ በላይዋ አልቀዳም ይለኝ ነበር፤ መንዙማ ሻጮች የሚሰብሯት ለዚያ ነው። መኔር ሃርም አልሰበሯትም። ቀዳሁ።

የቀዳሁት ልመና ነው። ከስምንት ዓመት በፊት «ደሴ ደርሼ ስኳር ገዝቼ ልምጣ» ብዬ ከቤት ወጥቼ ዓረብ አገር ገባሁ፤ ከዚያም እዚህ። እናቴ በሰው በሰው «ልጅ የለኝም» ብላ ልካብኛለች። ስለዚህ አለቀስኩና «እማዬ፣ አፉ በይኝ» አልኳት።

ከአራት ወር በኋላ መጋዘን የሚሠራው ዓብዱ፣ ያገሬ ልጅ፣ ቤተሰቡን ጠይቆ ሲመለስ ካሴቷን አመጣልኝ። ቆሞ ነው የሰጠኝ፤ ተቀመጥ ብለውም አልተቀመጠም።

«ሱሀይላ፣ መልሱን ቀድታልሻለች» አለ። «ግን... ከቀዳች በሳምንቷ ነው። አላህ ይዘንላት።»

ካሴቷን ከሻሾቼ ሥር ቀበርኳት። አልሰማኋትም። ብትረግመኝስ? ያልተሰማ እርግማን አይደርስም ብዬ ራሴን አሞኘሁ።

ታዲያ ያን ዕለት ጠዋት እግራቸውን እያጠብኩ መኔር ሃርም እንዲህ አሉኝ፦

«ሱሀይላ፣ አንድ የሥዕል አዳራሽ ጨዋታዬን ለሕዝብ ሊያሳይ ነው። ግን ካሴቷ ካንቺዎቹ ጋር ሳትቀላቀል አልቀረችም። ሌላ ቅጂ የላትም።»

«ምን... ምን አለባት?»

«አንዱ ፊት ፕሮግራሙ ነው፤ ጭው የሚለው። በሌላው ሪት አለች። ሳህን እያጠበች ስታፏጭ፣ ሳታውቅ ነው የቀዳኋት። ኮምፒውተሩ ድምፁን እየሰማ መሬት ይሥላል፤ ድምፅ ሲመጣ ኮረብታ፣ ዝም ሲል ገደል። ያቺን ፉጨት ነው የምንወጣው የምንወርደው።» ፈገግ አሉ። «ሌላ የሪት ድምፅ የለኝም።»

ስፖንጁ ከእጄ ወደቀ። ደመሰስኳት፤ የሰው ሚስት ደመሰስኩ! ከአፌ የወጣው ግን «አለች፣ አመጣታለሁ» የሚል ብቻ ነው። በማግስቱ ቀዩን ፕላስተር ልጬ ሰጠኋቸው። ሳሟት። እውነቱን ደበቅኩ፤ ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም። መጀመሪያ እቤት ይሞክሯታል ብዬ ስፈራ «አርጅታለች፤ ብትበጠስ እንኳ እዚያው ትበጠስ» አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በሜትሮ ወንዙን ተሻግረን ሄድን። አዳራሹ ውስጥ አርባ ያህል ሰው ቆሟል። መኔር ሃርም ካሴቷን የኮምፒውተሩ ቴፕ ውስጥ ከተቱ። አራት ደቂቃ ሙሉ ጭው አለ፤ ሰው ጆሮውን ያዘ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ «ካሴቱን ገልብጡ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ገለበጡ፣ ወደ መጀመሪያው አጠነጠኑና መቆጣጠሪያውን ፊት ለቆመች ወጣት ሰጧት። ጥቁር ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ።

ከድምፅ ማጉያው ሳል ተሰማ። የእናቴ ሳል።

«ሱሀይላ! ትሰሚያለሽ? ደሴ ደርሼ ልምጣ ብለሽ ስምንት ዓመት! የደሴ መንገድ እንዲህ ረዘመ? ስኳሩስ የታለ?»

ስክሪኑ ላይ ኮረብታ ተነሣ። ነጥቧ መውጣት ጀመረች። ማንም ቃሏን አልገባውም፤ ሁሉም አፉን ከፍቶ ያያል።

«ሻዬን ያለ ስኳር ለመድኩት» አለች እናቴ። «አፌ ረግሞሽ ነበር፤ ልዋሽሽ አልችልም። ሆዴ ግን አሜን አላለም።» ትንፋሽ ስትስብ መሬቱ ገደል ሆነ፤ ወጣቷ ደንግጣ ነጥቧን ጠርዙ ላይ አቆመቻት። «አፉ ብዬሻለሁ ልጄ። በዱንያም በአኺራም አፉ ብዬሻለሁ። ስኳሩን ግን አልረሳልሽም።»

ሳቋ ተራራ ሠራ፤ ስክሪኑን ሞላው። ከዚያ ዝም አለ፣ ነጥቧ ወደቀች፣ ሰው አጨበጨበ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ እየተንሰቀሰቅኩ ነው። ቀና ስል የመኔር ሃርም ፊት አመድ መስሏል።

«ማናት?» አሉኝ።

«እናቴ።»

«ሪትስ? ሪት የት ሄደች?»

«ቀዳሁባት። ሳላውቅ ነው። ካወቅሁ በኋላ ግን ደበቅኩዎት። አፉ ይበሉኝ።» የመጨረሻውን በአማርኛ ነው ያልኩት፤ ከዚያ በደች ደገምኩት።

ጭብጨባው ቆሟል።

«እናትሽ በሕይወት አለች?»

«የለችም።»

«ሌላ የእሷ ድምፅ አለሽ?»

«የለኝም።»

ካሴቷን ከቴፑ አወጡ። ይጥሏታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ። ስገልጥ ያቺን የጀርባዋን ትንሽ ፕላስቲክ በአውራ ጣት ጥፍራቸው ሰብረዋታል፤ ከእንግዲህ ማንም አይቀዳባትም። ካሴቷን መዳፌ ላይ አስቀመጡና ጣቶቼን አጠፉልኝ።

አፉ አላሉኝም። በሜትሮው ወንዙን እስክንሻገር የተሰበረችውን ፕላስቲክ በጣቶቻቸው መካከል ያሿታል። ጣቢያው ስንደርስ ግን ደረጃውን ለመውረድ እንደወትሮው እንድደግፋቸው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።