ከልጁ በፊት የገባ አልጋ

ዝላቲና ከሥራ ስትመለስ ሳሎኑ መሃል የሕፃን አልጋ ተገትሮ አገኘች። ነጭ፣ አዲስ፣ የዋጋው ወረቀት እንኳ ያልተላጠ።

አማቷ ወይዘሮ ስቶያንካ በረንዳው ላይ ቆመው ለክረምት የሚታሸገውን ቀይ ቃሪያ ይጠብሳሉ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አልጋ ነዋ! ዓይንሽን አመመሽ እንዴ?» አሉ ዞር ሳይሉ። «ቅናሽ ነበረ።»

ዝላቲና እዚያው ቆማ ቀረች። ባለፈው ወር አንድ ጥንድ የሕፃን ካልሲ ገዝታ ብትገባ፣ እኚሁ ሴትዮ ከእጇ ነጥቀው ታች ቤት ላለችው ጎረቤት አደራ ሰጥተውታል። ልጅ ሳይወለድ ዕቃው ቤት አይገባም፤ በቡልጋሪያዋ ሩሴ ከተማ ይህን የማያውቅ የለም። ዝላቲና የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ ያኔ ስቃባቸው ነበር። ዛሬ ሳቋ አልመጣም። ስቶያንካ ሕጋቸውን ከጣሱ የባሰ የሚያስፈራቸው ነገር አለ ማለት ነው።

ማክሰኞ ዕለት ለተለመደው የእርግዝና ምርመራ ከአማቷ ጋር ሄደው ነበር። የአማቷ የትምህርት ቤት ጓደኛ የሆነችው ዶክተር ቫልኮቫ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረች። «ልጁ ጎበዝ ነው፤ ሂጂ ልበሺ» ብላ ስቶያንካን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ከዚያን ቀን ወዲህ ደግሞ ባሏ ካሜን ሳህን ማጠብ ጀምሯል።

አሁንም እያጠበ ነው።

«ካሜን፣ ማን ሊሞት ነው ሳህን የምታጥበው?»

ካሜን ወደ እናቱ አየ።

«እሳቸውን አትይ። እኔን እይ።»

«ከማህፀንሽ ጎን ዕጢ አለ» አለ፣ እጁ ውሃው ውስጥ እንዳለ። «የሎሚ ያህላል። ክፉ ይሁን አይሁን ሳይወጣ አይታወቅም።»

«መቼ ነው የሚወጣው?»

ካሜን ሌላ ሳህን አነሳ።

«ዶክተሯ በዚህ ወር ነው ያለችው» አሉ ስቶያንካ ከበሩ። «ግን ሆድሽ ተቀዶ ልጁ ቢወርድስ? አልጋውንም ያስገባሁት ልጁን ይዞ እንዲያቆይልን ብዬ ነው። ከወለድሽ በኋላ ይደረስበታል ብለን...»

«ብለን? ሆዱ የማን ነው?»

«አትጩኺ ልጄ፣ ለልጁ ጥሩ አይደለም።»

«እኔ ብሞትስ፣ ለልጁ ጥሩ ነው?»

አማቷ በቃሪያው ጥቀርሻ የጠቆረ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። የካሜን አባት በካንሰር ሲሞቱ እስከ መጨረሻው ቀን የተነገራቸው «ጨጓራ ነው» ተብሎ ነው። በዚህ ቤት ታማሚን መዋሸት ፍቅር ነው። ዝላቲና ይህን ታውቃለች፤ ማወቋ ግን ንዴቷን አላበረደውም።

በነጋታው ብቻዋን ሄደች። ዶክተር ቫልኮቫ በዚህኛው ጊዜ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረችው።

«ብናወጣው ልጁን ልናጣ እንችላለን። ብንጠብቅ ደግሞ አንቺን።»

ዝላቲና ስክሪኑ ላይ የሚወራጨውን ትንሽ እግር ረጅም ጊዜ አየች።

«አውጡት» አለች። «ውጤቱ ሲመጣ ግን ለእኔ ብቻ።»

ከቀዶ ሕክምናው ስትነቃ ነርሷ የልብ ምት ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አሳረፈችው። ምንም አልተሰማም። ነርሷ ቦታ ቀየረች። አሁንም ምንም። ዝላቲና አንሶላውን ጨመደደች። ከዚያ ድንገት ፈጣን፣ የተናደደ የሚመስል ምት ክፍሉን ሞላው።

የዕጢው ውጤት ግን ገና ነበር። ቤት ውስጥ ማንም አልጋውን ለመንካት አልደፈረም፤ ሁሉም ዞረውት ያልፋሉ።

ውጤቱን ሰምታ የመጣች ቀን ስቶያንካ ከወንበራቸው ተነሱ። ካሜን የታጠበ ሳህን ይዞ ከወጥ ቤት ብቅ አለ።

ዝላቲና ካፖርቷን ሳታወልቅ አልጋውን በጉልበቷ ገፋ አደረገችው።

«ይሄን ያውጡልኝ እማማ። ጎረቤት ይቀመጥ። ልጅ ሳይወለድ ዕቃ ቤት አይገባም።»

ስቶያንካ ለአፍታ ግራ ተጋቡ። ከዚያ ገባቸው፤ የባሰው ፍርሃት አልፏል ማለት ነው። የአልጋውን ጠርዝ ይዘው ማልቀስ ጀመሩ።

«ካሜን!» ብለው ጮኹ እንባቸውን ሳይጠርጉ። «ምን ይገትርሃል? በዚያ በኩል ያዘው እንጂ!»